የበግ ገዢው ዋስ

ሕዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር፣ ከተማው በሙሉ ጉድፉን ጠርጎ ደጃፉ ላይ ሲያቃጥል፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን እያሸ ያስነጥሳል፤ እኔ ግን እስቃለሁ። ልጆቼ «አባባን ጢስ ያስቀዋል» እያሉ ለጎረቤት ያሙኛል። እውነታቸውን ነው። ዘንድሮ ሰዉ የሚያቃጥለው ላስቲክና ያለቀ ጎማ ስለሆነ ጢሱ ጠቁሮ ጉሮሮ ይዘጋል እንጂ፣ የዚያን ጊዜው የሕዳር ጢስ እኮ ጢስ አልነበረም፣ ምግብ ነበር! የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ፣ ያረጀ ሰሌን… ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ኮተቤ ሲንፏቀቅ፣ ከየካ ሚካኤል ጉልላቱ ብቻ ከላይ ብቅ ይላል፤ ከታች ያለው ሰው የራሱን እጅ ዘርግቶ የማን እጅ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዲት ጎረቤታችን በዚያ ጢስ ውስጥ የገዛ ባሏን «እንዴት ዋሉ ጌታዬ» ብላ አልፋዋለች፤ እሱም ባርኔጣውን አንሥቶ «እግዚአብሔር ይመስገን እመቤቴ» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ተከባብረው አያውቁም።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ጃንሆይ በዙፋናቸው፣ እኔ በጋሪዬ ላይ የተቀመጥንበት ዘመን ነበር፤ ከሁለታችን ማንን የበለጠ ይመቸው እንደነበር ፈረሴ ዳማ ቢጠየቅ ይናገራል። ከሾላ እስከ አራት ኪሎ በስሙኒ እጭናለሁ። ሰውየው ወፈር ካለ ዳማ ዞር ብሎ ያየኛል፣ እኔም ዐሥር ሳንቲም እጨምርበታለሁ። በዚያች ስሙኒ ምን የማይሆን ነገር ነበር! ብርሌ ጠጅ፣ ከጠጁ ጋር ጥብስ ቢጤ፣ ከጥብሱ ጋር ለአዝማሪው ሽልማት፤ መልሱን የሚሸከም ኩሊ መቅጠር ብቻ ነበር የሚቀረው። የምለብሰው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ካፖርት ነው። ከእኔ በፊት የለበሰው ሰላቶ የዋርካ ግንድ የሚያህል ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ዝናብ ሲመጣ እኔም፣ ተሳፋሪዬም፣ የተሳፋሪዬም ዘንቢል በአንድ ካፖርት እንጠለል ነበር። አራት ኪሎ ስንደርስ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ዘፈን ከለቀቀ፣ ዳማ ኮቴውን ከከበሮው ጋር ያስተካክላል። አትሣቁ፣ አራት ኪሎ የነበረ ሁሉ ምስክሬ ነው። አንድ ክፉ አመል ብቻ ነበረበት፦ ጠጅ ቤት በር ላይ ማንም ሳያዝዘው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህን አመል ከማን እንደተማረ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የዳማ ምርጥ ደንበኛ ጋሽ ንጋቱ ነበሩ። ጋሽ ንጋቱ ጠበቃ ናቸው፤ ቤታቸው ከየካ ሚካኤል ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። አንገታቸው ላይ እንደ ቢራቢሮ የምትታሰር ክራባት፣ ብብታቸው ውስጥ በጋ ከክረምት ጥቁር ጃንጥላ አትጠፋም። ለፍጥረት ሁሉ «እርስዎ» ነው የሚሉት። ለሕፃን «እርስዎ»፣ ለለማኝ «እርስዎ»፣ መንገድ ለዘጋችባቸው ፍየል «ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ»። እኔን ብቻ አንተ ይሉኝ ነበር፤ ይህን እንደ ሹመት ነበር የምቆጥረው።

እኚህ ለፍየል ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው ታዲያ ለትልቅ ሰው ይቅርታ የሚባል ነገር አያውቁም። ኮተቤ ላይ ያሉ ገበሬዎች ከአያት ከቅድመ አያት ያረሱትን መሬት አንድ ትልቅ ሰው «የእኔ ነው» ብሎ ተነሣባቸው። ስሙን ተዉት፤ ያን ጊዜ ስሙን ለመጥራት መቆም ያስፈልግ ነበር፣ እኔ ደግሞ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ገበሬዎቹ ጠበቃ ቢይዙ፣ የመጀመሪያው ጠበቃ ድንገት ታመመ። ሁለተኛው ድንገት ተሾመና ሰው በበቅሎ ወር ከምናምን በሚሄድበት አገር ተላከ። ሦስተኛው ጭራሽ ወዴት እንደገባ ሚስቱም አታውቅ። ጋሽ ንጋቱ ጉዳዩን ሲይዙ ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ «አንተ ደግሞ የትኛው ይደርስህ ይሆን? መታመም፣ መሾም ወይስ መጥፋት?» አሏቸው። «መርታት» አሉ እሳቸው፣ ክራባታቸውን እያስተካከሉ።

ቀጠሮው ለሕዳር ሚካኤል ዕለት ወደቀ። የዚያን ዕለት ጠበቃው ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ ገበሬዎቹም ያልታጨደ ጤፋቸውን ትተው ይነሣሉ። ጠበቃው ደግሞ ከተያዘ ግዞት ነው። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ሁለት ሰዎች ሠፈራችን መጡ። አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር፤ ሁለቱም ኮትና ባርኔጣ አድርገው የጋሽ ንጋቱ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጆሮ ጠቢ መሆናቸውን ለማወቅ ጫማቸውን ማየት ይበቃ ነበር። በዚያ ዘመን የየካን ጭቃ ረግጦ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው፣ ወይ መልአክ ነው ወይ የመንግሥት ሰው፤ መልአክ ደግሞ ሲጋራ አያጨስም። «ምን ፈልጋችሁ ነው ጌቶቼ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ረዥሙ ትንሽ አሰበና «በግ ልንገዛ» አለ። ወዮለት! በግ ልገዛ የሚል ቃል ለሕዳር ሚካኤል ሳምንት ሲቀረው የካ ላይ ይባላል? ወዲያው የእንጦጦ በግ በሙሉ ተግተልትሎ ወረደ። ሰውየው የባርኔጣው ጫፍ እስኪጠፋ በበግ ተከበበ። ከዚያ ወዲያ ስሙ «በግ ገዢው» ሆኖ ቀረ። እውነተኛ ስሙ በድሉ ነበር።

ኋላ ራሱ እንዳጫወተኝ፣ የተሰጠው ትእዛዝ አጭር ነበር፦ «ሳትንጫጫ፣ ሰው ሳያይህ፣ ክንዱን ያዝ አድርገህ አምጣው።» ክንዱን ያዝ! ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጋሽ ንጋቱ ለብቻቸው የሚሆኑበት ጊዜ ጠፋ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ግራና ቀኝ ደብተራ ነው። ገበያ ሲወጡ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ጭነታቸውን እንዳዘሉ ይከቧቸዋል፤ በአንድ ጠበቃ ዙሪያ አንድ ጫካ ይሄዳል ማለት ነው። ወደ ጓሮ ብቅ ሲሉ እንኳ የእድራችን ሊቀ መንበር አጥሩ ሥር ቆሞ ያስላል። «ኧረ እባካችሁ፣ ሰው ለራሱ የሚሆንበት ጊዜ አለው» ቢሉ፣ «ጋሼ፣ እኛ አላየንም፤ ሳል ይዞን ነው» ይላል።

የበግ ገዢው ትልቁ መከራ ግን እቴቴ ጋዲሴ ነበሩ። ቤታቸው ከጋሽ ንጋቱ ቤት ፊት ለፊት፣ በድሉ ከተቀመጠበት ድንጋይ ጀርባ ነው። ዛሬ እዚያ ጋራዥ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፤ ድምፁ ግን ከእቴቴ ድምፅ ይለሰልሳል። ኮተቤ ተወልደው የካ የተዳሩ ናቸው፣ ገበሬዎቹ ከሚሟገቱበት መሬት ላይ የወንድማቸው ድርሻ አለበት። ኦሮምኛም አማርኛም አሳምረው ይናገራሉ፤ ሲቆጡ ሁለቱንም አንድ ላይ ይናገሩታል። አንድ ሙክት ነበራቸው፣ ላቱ ከኋላው ጋሪ የሚያስፈልገው! ያን ሙክት በየማለዳው እየጎተቱ በድሉ ፊት ያቆሙታል። በግ ገዢ ነኝ ያለ ሰው በግ ካልዳበሰ ምን ይባላል? ይዳብሳል። ወገቡን ጫን ጫን፣ ላቱን መዘን መዘን አድርጎ «ጥሩ ነው እማማ፣ ላስብበት» ይላል። በማግስቱም ያው ነው። ሙክቱ ራሱ ተሰላችቶ፣ በድሉን ገና ሲያየው ወገቡን ይሰጠው ጀመር።

የበዓሉ ዋዜማ ላይ እቴቴ መረራቸው። «አንተ ሰውዬ! ሳምንቱን ሙሉ እንደ አራስ ልጅ አሻሸኸው፣ ሌላ ገዢ ሲመጣ ‹ተይዟል› ብዬ መለስኩ። ትገዛለህ አትገዛም?» በዚያው ቅጽበት የጋሽ ንጋቱ በር ሲጢጥ አለ። በድሉ ዓይኑ በሩ ላይ፣ ጆሮው እቴቴ ላይ፣ ዝም ለማሰኘት ብቻ «እገዛለሁ! ነገ ጧት እወስደዋለሁ፣ ሚካኤልን!» አለ። በሩ የተከፈተው ለድመት ነበር። መሐላው ግን ወጣ፤ አጭሩ ሰማ፣ እኔ ሰማሁ፣ ሙክቱ ሰማ። በግ አትገዛም፣ የጠበቃ በር ትጠብቃለህ፣ ያውም የሚካኤል ዋዜማ ሚካኤልን ትጠራለህ! እንኳን ጆሮ ጠቢ፣ ሰይጣንም በዓሉ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

በበዓሉ ጧት ጢሱ እንዲያ ጥቅጥቅ ብሎ ሳለ ጋሽ ንጋቱን ጋሪዬ ላይ አስተኝቼ በድርቆሽ ሸፈንኳቸው። «ሽፈራው» አሉኝ ከድርቆሹ ሥር፣ «ይህ ለሞያዬ ክብር አይመጥንም።» «ጋሼ፣ ግዞትም አይመጥንም» አልኳቸው። ጃንጥላቸውን ግን አልሰጥም ብለው፣ ጫፏ ከድርቆሹ ወጥታ ሰማይ ሰማይ ታያለች። እንሂድ ብለን ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ስንደርስ፣ ከጢሱ ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ጫማ ብቅ አለ፣ ከጫማው በላይ በድሉ። የዳማን ልጓም ያዘ።

«የማነው ይህ ጃንጥላ የሚበቅልበት ድርቆሽ?» አለ።

አፌን ከፍቼ ውሸት ብፈልግ አንድ እንኳ የለም፤ እኔ! ውሸት አጥቼ የማላውቀው እኔ! ልክ እጁን ወደ ድርቆሹ ሲሰድ፣ ከኋላው እንደ ነጋሪት የሚያስተጋባ ድምፅ መጣ፦

«በጃንሆይ አምላክ! ቁም!»

አሁን ያሉት ልጆች ይህን አያውቁትምና ላስረዳ። በዚያ ዘመን በደል ያለበት ሰው «በጃንሆይ አምላክ» ብሎ ከጠራ፣ የተጠራው ሰው ካለበት አይነቃነቅም። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ይቆራኛሉ፤ መጀመሪያ የተገኘው መንገደኛ ዳኛ ይሆናል፤ ተከሳሽ ዋስ ካልጠራ ቋጠሮው አይፈታም። በአዋጅ ሌላ ፍርድ ቤት ተቋቁሞ ነበር፣ ልክ ነው፤ ነገር ግን አዋጅ የካ የሚደርሰው በጋሪ ነበር፣ የእኔ ጋሪ ደግሞ በየጠጅ ቤቱ ይቆማል።

በድሉም የገጠር ልጅ ነው። ኮቱ የከተማ፣ አጥንቱ የአገር ቤት! የጃንሆይን ስም ሲሰማ እጁ ልጓሙ ላይ እንዳለ ደረቀ፤ አጠገቡ ያለው ዛፍ እንኳ ከእሱ ይልቅ ይንቀሳቀስ ነበር። እቴቴ ጋዲሴ ሙክታቸውን በአንድ እጅ እየጎተቱ መጡና የነጠላቸውን ጫፍ ከኮቱ ቁልፍ ቀዳዳ አስገብተው ጭብጥ አድርገው ቋጠሩት።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው? ሥራ ላይ ነኝ!»

«ማል ጄቴ? ምን አልክ? ሥራህ በግ መግዛት አይደል? እኮ ግዛ! በሚካኤል ምለህ ገዢ መልሼልህ፣ ዛሬ ጧት በሌላ መንገድ ልታልፈኝ?» ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። «አንተ ባለጋሪ! ዳኛዬ ነህ!»

ይኸውላችሁ ዳኝነት! ሰው ስንት ዘመን ደጅ ጠንቶ የሚያገኘውን እኔ ከጋሪዬ ላይ ተጠርቼ አገኘሁት። ወረድኩ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። የሰላቶውን ካፖርት ወደ ኋላ ብወረውረው እንደ ካባ ተዘረጋ። ሰዉ ከየጢሱ እየወጣ ከበበን፤ ግማሹ መጥረጊያ እንደያዘ ነው።

በድሉ ወደ አጭሩ ጓደኛው ጮኸ፦ «ምን ትገተራለህ? ጋሪውን ፈትሽ!» አጭሩ አንድ እግሩን አንሥቶ ሳያሳርፍ፣ ከእንጨት ተሸካሚዎቹ አንዷ «በጃንሆይ አምላክ! ይህ ሰው መሐላውን ሰምቷል፣ ምስክር ነው!» አለች። አጭሩም በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀረ።

«የተከሳሽ ሥራ?» አልኩ ፊቴን ኮስተር አድርጌ።

በድሉ ግራ ቀኝ አየ። ሰውየው የመንግሥት ሰው ነኝ ቢል፣ ሳትንጫጫ የተባለው ሥራ በሚካኤል በዓል አደባባይ ወጣ ማለት ነው፣ ከአለቃው አይተርፍም። በግ ገዢ ነኝ ቢል ከእቴቴ አይተርፍም። ግንባሩ ላይ ላቡ ሲንቆረቆር አየሁ፤ በዚያ ብርድ!

«በግ… ገዢ» አለ።

«ጮክ በል፣ ችሎቱ አልሰማም!»

«በግ ገዢ!»

እልልታው እንጦጦ ማርያም ተሰምቶ መልስ እልልታ መጣ ይባላል። እኔ አልሰማሁም፣ እያወራሁ ነበር። እቴቴ የነጠላቸውን ሌላ ጫፍ ወደኋላ አሉና፣ እንደ አገሩ ሙግት ክሳቸውን በግጥም ጀመሩ፦

«በላ ልበልሃ!
የወንዝ ዳር ቄጤማ፣ የእንጦጦ ላይ ጥድ፣
በሚካኤል ምሎ፣ በጌን ዳብሶ መካድ፣
ሰው ነው ወይስ ጉድ?»

በድሉ አንዳች መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት፣ ድርቆሹ ተነቃነቀ። ከሥሩ መጀመሪያ ጃንጥላ፣ ቀጥሎ ቢራቢሮዋ ክራባት፣ ቀጥሎ ጋሽ ንጋቱ ራሳቸው ድርቆሽ በፀጉራቸው ላይ ተሰክቶ ብድግ አሉ። ከበድሉ እጅ አንድ ክንድ ቢርቁ ነው። በድሉ ቢዘረጋ ይደርስባቸዋል፤ ነገር ግን ነጠላው ያዘው፣ ከነጠላው በላይ ደግሞ የጃንሆይ ስም ያዘው።

«ይቅርታ፣ ክቡር ዳኛ» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «ተከሳሹ ጠበቃ አቁመዋል?»

«ጋሼ!» አልኩ።

«ያለ ጠበቃ ሊሟገቱ አይገባም። መሐላው የሽያጭ ውል ነው ወይስ ስእለት የሚለው ራሱ አከራካሪ ነው። ፈቃድዎ ቢሆን እኔ ስለ እሳቸው…» ብለው አንድ እግራቸውን ከጋሪው ሊያወርዱ!

እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል? ሊያስራቸው ለመጣው ሰው ጥብቅና ሊቆሙ! ወይዘሮ አስካለ ከሕዝቡ መሐል «እናንተ ሰዎች፣ ይህን ሰውዬ አንድ በሉልኝ!» ብለው ጮኹ። እቴቴ ጋዲሴ በሁለቱም ቋንቋ ተናገሩ። እኔም ዳኛ መሆኔ ትዝ አለኝ። እጄን ወደ ላይ ሰቅዬ «ችሎቱ ያዝዛል!» አልኩ። «ጠበቃው ሌላ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ስላላቸው አሁኑኑ ይሂዱ! ተከሳሹ እስኪመለሱ ይጠብቃቸዋል!»

ጋሽ ንጋቱ ለችሎት ትእዛዝ ሟች ናቸው። እጅ ነሥተው ልጓሙን ጨበጡ፣ ለዳማም «ይሂዱ እንግዲህ፣ እባክዎ» አሉት። ዳማ በሕይወቱ እንዲህ ተብሎ አያውቅም፤ ማን እንደተጠራ ለማየት ወደኋላ ዞረ። ለበዓሉ ከኮተቤ ከመጡት አንዱ ገበሬ ታፋውን ቸብ ሲያደርገው ግን ጢሱ ውስጥ ገብተው ጠፉ። በድሉ እያየ ነው! ሳምንት ሙሉ የጠበቀው ሰው «ደህና ይዋሉ» ብሎት በጋሪ ሲሄድ፣ እሱ ከአንዲት አሮጊትና ከአንድ በግ ጋር ታስሮ እያየ ነው።

በኋላ ወይዘሮ አስካለ እንደነገሩኝ፣ ዳማ አመሉን አልተወም፤ እስከ አራት ኪሎ ባለው ጠጅ ቤት ሁሉ ቆሟል። ጋሽ ንጋቱም በየበሩ ወርደው ለባለቤቷ «ይቅርታ፣ የፈረሱ ሐሳብ ነው» እያሉ ይቅርታ ጠይቀዋል። ቢሆንም ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ብለው ደረሱ። ዳኞቹ ድርቆሹን ከፀጉራቸው ላይ እያዩ፣ እሳቸው ጢስ ጢስ እየሸተቱ፣ ስለዚያ መሬት ሲናገሩ ፍርድ ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ጤፍ ጤፍ ሸተተን ብሏል።

እኛ ደግሞ ችሎት ላይ ነን። ለሰዉ በዓል፣ ለእኔ ዳኝነት፣ ለበድሉ ጭንቅ። ታቦቱ ወጥቶ ሲዞር እንኳ ተቆራኝተው ዞሩ። እቴቴ ድስት ሊያዩ ጎጆ ሲገቡ እሱም ተከትሎ ይገባል፣ እሳቸው ጠላ ሊቀዱ ሲያጎነብሱ እሱም ያጎነብሳል። መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። እኩለ ቀን ሲሆን ራበው። እቴቴም ተቆራኝተው እንደተቀመጡ በሰው ፊት አፉን አስከፍተው አጎረሱት፦ «ብላ እንጂ፣ ክስ በባዶ ሆድ አይሆንም። እናትህ የት አገር ናት?» የእናቱን አገር ነገራቸው። ለካስ የእናቱን አገር ሰው ያውቃሉ! ከዚያ ወዲያ ክሱ ቆሞ የዘመድ ቆጠራ ተጀመረ። አጭሩም ጠላው ሲደጋገምለት ሁለተኛውን እግሩን መሬት አስነካ፣ ሙክቱን ታቅፎ ዘፈነ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ሲያዘቀዝቅ ዳማ በርቀት መጣ። ጋሽ ንጋቱ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ዝናብ የለም፣ ደስታ ነው። ፍርዱ እስኪሰጥ ገበሬዎቹን ማንም ከመሬታቸው እንዳያነሣቸው ታዟል! ያን ጊዜ የወጣውን ጩኸት ልገልጸው አልችልም። የተከመረው ጉድፍ ራሱ በደስታ ነደደ ብል ይቀለኛል።

ጩኸቱ ሲበርድ ግን የሁሉም ዓይን በድሉ ላይ ዐረፈ። ቋጠሮው ከተፈታ እጁን ይዘረጋል፤ የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የሚጠብቀው ገበሬዎቹን እንጂ ጋሽ ንጋቱን አይደለም። እሱም ያውቀዋል። ቀና ብሎ «ይበቃል። ፍቱኝ» አለ። ሳቅ የለም አሁን።

«ዋስ ጥራ» አልኩ።

«እዚህ ማን ያውቀኛል? ማን ይዋሰኛል?»

እውነት ነው፣ ማን ይዋሰዋል? ሰዉ መሬት መሬት አየ። እኔም እዚያው ቋጥሬ እስከ መስከረም ላቆየው ስል፣

«እኔ» አሉ ጋሽ ንጋቱ። ከጋሪው ወርደው መጡና በድሉ አጠገብ ቆሙ። «እኔ ዋሳቸው ነኝ። እኚህ ሰው ባይቀርቡ በእሳቸው ፈንታ እጠየቃለሁ።»

የበድሉን ፊት ያን ጊዜ ባያችሁት! ወንድሞቼ፣ ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ለዛሬ ልጅ ማስረዳት ይከብዳል። ዋስህ ማለት በአንተ ፈንታ እግሩን ሰንሰለት ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ማለት ነው። ዋሱን የከዳ ሰው ሠርግ አይጠራም፣ ሲሞት ቀባሪ አያገኝም፣ ልጁን የሚድር የለም። ዋሱን አሳልፎ የሰጠ ሰውማ እስከ ዛሬ ስም አልተገኘለትም። እቴቴ ጋዲሴ ጣታቸውን ቀስረው «ሰምተሃል? ዋስህ ናቸው። ብትነካቸው ሚካኤል ይየው» አሉ። በድሉ ባርኔጣውን አወለቀ።

እኔም በፍርድ ቤት በራፍ ተሳፋሪ ስጠብቅ ስንት ዘመን የሰማኋት ቃል ነበረች። ትልልቅ ሰዎች ድሆችን የሚጨርሱባት፣ እርጅና እስኪያሸንፋቸው የሚያመላልሱባት ቃል። ለአንድ ቀን ወደኛ ትዙር ብዬ አወጅሁ፦ «ጉዳዩ ለከርሞ ሕዳር ሚካኤል ተቀጥሯል። ሙክቱ ማስረጃ ስለሆነ አይታረድም፣ አይሸጥም። ዋስነቱ ፍርድ እስኪሰጥ ይጸናል።»

ጋሽ ንጋቱ ዓይኔን አዩኝ። «ክቡር ዳኛ፣ ሕግ የት ተማርክ?» አሉኝ በጆሮዬ። «ከዳማ» አልኩ።

በዓመቱ በድሉ መጣ፤ የሚያብረቀርቅ ጫማውን አድርጎ፣ ለእቴቴ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ። ቀጠርሁት። በሌላው ዓመት መጣ፤ ሙክቱ ታሞ ነበርና ማስረጃው እስኪሻለው ቀጠርሁት። ለአለቆቹ ምን ይላቸው እንደነበር ቆይቶ ነግሮኛል፦ «ክትትሉ አላለቀም፣ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ይበላሻል» ይል ነበር። ስለዚህ ጠበቃውን የሚከታተል ሌላ ሰው አልተላከም። አንድ ጊዜማ ሌላ ክፍል በእሳቸው ላይ እንደተነሣ ሰምቶ፣ ጎህ ሲቀድ በእግሩ ከቀበና ሮጦ መጥቶ «ዋሴን ዛሬ ቤት አታሳድሩ» ብሎ ለእቴቴ ነግሮ ተመልሷል። ሙክቱ በበኩሉ ቢላ ሳያይ ኖረ። ጥርሱ አልቆ እቴቴ ገንፎ ያበሉት ነበር። በአገራችን ታሪክ በእርጅና የሞተ የበዓል በግ እሱ ብቻ ነው፤ ሌላ ካለ ንገሩኝ።

ዘመን ተገለበጠ። ወንበሩ ላይ የነበሩት ወረዱ፣ የወረዱትን የሚፈልጉ መጡ። በድሉም ተፈላጊ ሆነ። የት እንደሮጠ ገምቱ! ጋሽ ንጋቱ አርጅተው ነበር፤ ክራባቷ ግን አላረጀችም። ጃንጥላቸውን ይዘው፣ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ሄደው፣ ጠመንጃ በያዙት ሰዎች ፊት ቆሙ። «እኚህን ሰው ልትወስዱብኝ አትችሉም» አሉ። «እኔ ዋሳቸው ነኝ፤ የካ ሚካኤል ላይ ቀጠሮ አለባቸው።» ስለ ሙክቱ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱ አሉ። ሰዎቹ መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው ሳቁ፣ በመጨረሻ ሽማግሌው ነገሩን ደግሞ እንዳይጀምሩት ፈርተው ሁለቱንም ሸኟቸው።

እቴቴ ጋዲሴ ዛሬ የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ክሱን ልጃቸው ጫልቱ ወርሳለች። ዳማም የለም፤ እሱ በሚቆምባቸው ቦታዎች አሁን ሚኒባስ ይቆማል፣ ረዳቱም «መገናኛ፣ መገናኛ!» ይላል። ዘንድሮ በሕዳር ሚካኤል ያ የጎማ ጢስ እያስነጠሰን፣ በዚያው መታጠፊያ ተሰበሰብን። ጫልቱ የነጠላዋን ጫፍ ከበድሉ ሹራብ ጋር ቋጠረች። በድሉ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ የሚያደርገውም ሸራ ጫማ ነው። እኔም ካፖርቴን ወደኋላ ወረወርኩ፤ ከሰላቶው ካፖርት የቀረው ኮሌታው ብቻ ቢሆንም።

«ጉዳዩ ለከርሞ ተቀጥሯል» አልኩ። «ዋሱ ቆሞ ቃሉን ይስጥ።»

ጋሽ ንጋቱ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ለመነሣት ሞከሩ፣ ጉልበታቸው እምቢ አለ። እንደገና ሞከሩ። በድሉ ከነነጠላው ጫልቱን እየጎተተ ወደሳቸው ሄደ። ጎንበስ አለ፤ ክንዳቸውን ያዝ አደረገና ቀስ አድርጎ አቆማቸው።